የዘበኛው ሃያ አምስት ደቂቃ

ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ድንጋይ ሲያቀብል የነበረ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የበሩን ቁልፍ የተረከበ ሰው ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ግን የለም። መንደሩ በሙሉ፣ ሕፃን አዋቂው፣ «ጋሽ ሰዓቱ» ነው የሚለው። ዘበኛውም፣ በር ከፋቹም፣ ደወል መቺውም እሱ ነው። ደወሉም ቢሆን ደወል ለመባል ያህል እንጂ የተጣለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ በብረት ሲመታ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለማንቂያ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ለመግቢያ ይመታል። ሁለተኛው እንዳበቃ በሩ ይዘጋል፤ የቀረ ቀረ።

የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ቤቱ ሁለት የጭቃ ክፍልና አንድ ቢሮ ብቻ ነበር። አርባ አንድ ወንዶችና ሰባት ሴቶች ተመዘገቡ። ሰባቱ ሴቶች የአገር ወሬ ሆኑ። «ወንድና ሴት አንድ ጣሪያ ሥር ምን ሊማሩ ነው?» የሚለው ብዙ ነበር፤ እንዲህ ካሉት ውስጥ ግማሾቹ ራሳቸው ከሚስቶቻቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸውን ያስታወሳቸው ግን አልነበረም። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር በሰዓት ጉዳይ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። ቢሮው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት ሰቀለና በየሰኞው በቁልፍ የመሙላቱን ሥራ ለዘበኛው ሰጠው። «ይህ ሰዓት ከተሳሳተ ትምህርት ቤቱ ተሳሳተ ማለት ነው» አለው። ጋሽ ሰዓቱ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ድንጋይ ሲያቀብል ለኖረ ሰው ይህ ሹመት ነበር።

ሁለተኛው ወር ላይ የግንበኛው ልጅ አረፈደች። ግንበኛው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ያቆመ፣ ጋሽ ሰዓቱም ድንጋይ ሲያቀብለው የከረመ ጓደኛው ነው። ልጅቷ ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ ከምንጭ ሁለት ጊዜ ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ታናናሾቿን አልብሳ ነው የምትመጣው። ሮጣ ስትደርስ የጄሪካኑ ውሃ ጀርባዋን አርሶት ነበር። እሱ መቀርቀሪያውን እየገፋ ነው።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ» አለችው።

ዳይሬክተሩ በመስኮት ያያል። ጋሽ ሰዓቱ በሩን ዘጋ። በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ደግሞ ዘጋባት፤ ከሦስተኛው በኋላ የውሃ ሽታ ሆና ቀረች። ዓመቱ ሳያልቅ ዳሯት። ግንበኛው አንድም ቀን አልወቀሰውም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ድሮው ትከሻውን መታ አድርጎ ሰላም ይለው ነበር። ቢወቅሰው ይሻል ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰዓቱን ሊሞላ ወንበር ላይ ሲወጣ አውራ ጣቱ በራሱ ሄዶ ትልቁን ዘንግ አምስት ደቂቃ ወደኋላ ገፋው። ወርዶ ቸርኬውን መታ። ስድስቱም ሴቶች ገቡ። ማንም ምንም አላለም።

ስርቆት እንበለው? ወስዶ የሸጠው የለም፤ ለራሱም አንዲት ደቂቃ አልተረፈችውም። ትምህርት በአምስት ደቂቃ ዘግይቶ ጀመረ፣ በአምስት ደቂቃ ዘግይቶ አለቀ፣ በቃ። ፀሐይ ግን ቸርኬ ሰምታ አትወጣምና፣ በብርሃን የሚነሱት ልጆች አምስት ደቂቃዋን በእጃቸው አገኟት። በሦስተኛው ዓመት ለሴቶቹ ለብቻ መጸዳጃ ቤት ተሠራና ቁጥራቸው ሠላሳ ደረሰ፤ ሰኔ ላይ ወንዙ ሞልቶ መንገዳቸውን ሲያረዝምባቸው አሥር ጨመረላቸው። በስምንተኛው ዓመት አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከፈተና ከማዶ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ተጉዘው የሚመጡ ልጆች ገቡ። ሌላ አሥር ጨመረ። ከዚያ ወዲያ አልነካውም። የጭቃው ክፍል ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ፣ ቤተ መጻሕፍት ተጨመረ፣ አምስት ዳይሬክተሮች መጥተው ሄዱ፤ ሃያ አምስቷ ደቂቃ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ጉድ የሆነው መንደሩ ነው። ሰዓት ያለው ሁሉ በቸርኬው ይሞላል። የጤና ጣቢያውም፣ ሱቁም፣ ስብሰባውም በቸርኬው ነው። አዲስ መምህር ከከተማ በመጣ ቁጥር የእጅ ሰዓቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይገኛል። «መንገዱ አንገላቶት ነው» ይሉታል ነባሮቹ፤ እሱም አመስግኖ ወደኋላ ይመልሰዋል። ጠርጣሪ አልነበረም አይባልም፤ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ተጨማሪ የሚያስተኛውን ሰዓት ማን ይመረምራል? የሻይ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ሬዲዮው የሁለት ሰዓት ዜና ጀምሮ ሲጨርስ ገና ቸርኬው አለመመታቱን እያየ በየቀኑ ሬዲዮውን ይሰድበዋል። «እነዚህ የከተማ ሰዎች ምን ያስቸኩላቸዋል» ይላል። ከሁሉ የተበደለው የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከአስፋልቱ ጫፍ ይነሳል፤ ተሳፋሪው «ሳይደርስ ሄደብን» እያለ ሲራገም ኖሯል። ውሎ አድሮ ለምደውት፣ ከተማ የሚሄድ ሰው ቸርኬው ሳይመታ ከቤቱ መውጣት እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበር። የማያውቅ እንግዳ ካልሆነ በስተቀር።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ትምህርት ቤቱ የፈተና ጣቢያ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እስከዚያ ድረስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ከተማ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ አለ። ወንዶቹ ተጠራቅመው ይሄዳሉ፤ ሴቶቹን ግን «ከማን ጋር ልትከርም ነው?» እያሉ አባቶች ያስቀሩ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ ለአራት ቀኑ ፈተና ሳትቀመጥ የምትቀር ስንት ነበረች። ስድስተኛው ዳይሬክተር፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልሞላ ወጣት፣ ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራቶ ፈቃዱን አመጣ። ሠላሳ ስምንት ሴቶችና አርባ አምስት ወንዶች እዚሁ ሊፈተኑ ነው። ከሠላሳ ስምንቱ አንዷ የጋሽ ሰዓቱ የመጨረሻ ልጅ ናት።

ደብዳቤው ሲመጣ ዳይሬክተሩ መምህራኑንም ዘበኛውንም ሰብስቦ አነበበው። ረቡዕ ጠዋት በትክክል ሁለት ሰዓት በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ በምንም ምክንያት አይገባም፤ ተቆጣጣሪው ከከተማ ይመጣል፣ ሰዓቱም የሬዲዮ ሰዓት ነው። ዳይሬክተሩ አንብቦ ሲጨርስ ወደ በሩ ዞሮ ፈገግ አለ። «በዚህ በኩል እንኳ ሐሳብ የለብኝም። ማመልከቻው ላይ ‹በሰዓት አከባበር በአካባቢው ምሳሌ የሆነ› ብዬ የጻፍኩት በእርስዎ ተማምኜ ነው፣ ጋሼ» አለው።

ጋሽ ሰዓቱ ወደ ደጅ ወጥቶ ቸርኬው ሥር ቆመ። ያን ቀን ሥራ ፈቶ ያሰላው ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ በሩ በሬዲዮ ሰዓት ሲዘጋ ልጆቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። እሱ ለማስገባት ብሎ የገፋው ዘንግ ሊያስቀራቸው ነው። በድብቅ ቢመልሰው ደግሞ፣ በአንድ ጠዋት ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀድም መንደሩ ሁሉ ያረፍዳል።

«ልጆቹ ቀደም ብለው ቢመጡ ምናለ?» አለው ዳይሬክተሩን በማግስቱ፣ በጨዋታ መልክ።

«ሩብ ሰዓት ቀድመው እንዲደርሱ ነግረናቸዋል። ከዚያ በላይ የማዶዎቹ በጨለማ ወንዝ ይሻገሩ እንዴ?»

ሩብ ሰዓት አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ ለማስረዳት ደግሞ ሁሉን መናገር ነው። ጋሽ ሰዓቱ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ከራት በፊት ልጁን ጠርቶ፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ረቡዕ ዕለት የማንቂያውን ቸርኬ እንዳትጠብቂ። ሰማዩ ነጣ ሲል ውጪ። እሺ?»

«ለምን?»

«ሰዓቱ ትንሽ… ወደኋላ ይላል።»

«ስንት ትንሽ?»

ነገራት። ልጅቷ አባቷን ትክ ብላ አየችው። እሷም የሰዓቱ ልጅ እየተባለች ያደገች ናት፤ በዚያ ስም ኮርታለች፣ ተጣልታበታለች።

«ለሌሎቹስ ማን ሊነግራቸው ነው፣ አባዬ?»

አባቷ የደጃፉን ጠጠር በእግሩ ገፋ። ልጅቷ ተነስታ ገባች፣ መብራቱን ወደ ራሷ ስባ ደብተሯን ገለጠች። ጋሽ ሰዓቱ ደጃፉ ላይ ቀረ። ያፈረው በሰዓቱ አልነበረም። ያፈረው የራሱን ልጅ ብቻ ለይቶ ሊያሳልፍ ማሰቡን ልጁ ስላየችበት ነው።

እሑድ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ክፍሉ ሞልቶ የተረፈው በመስኮት ቆሟል። ዳይሬክተሩ ስለ መታወቂያና ስለ እርሳስ ተናግሮ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ጋሽ ሰዓቱ እጁን አወጣ። ዘበኛ ስብሰባ ላይ እጅ ሲያወጣ አይተው አያውቁምና ሁሉም ዞረ።

«የቸርኬው ሰዓት ትክክል አይደለም» አለ። «ሃያ አምስት ደቂቃ ወደኋላ ነው። ሰዓቱ አይደለም የተበላሸው፣ እኔ ነኝ የመለስኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።» ከዚያም የግንበኛውን ልጅ፣ ወንዙን፣ የማዶዎቹን፣ ሁሉንም ሳያስውብ ተናገረ። ግንበኛው ከፊት ወንበር ላይ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየውም።

መጀመሪያ የሳቀው የሻይ ቤቱ ባለቤት ነው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮን የሚያህል ነገር ስሰድብ» አለና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ክፍሉ አብሮት ተንጫጫ። አንዱ «የተሳሳተው ሬዲዮው ነው፣ ጋሽ ሰዓቱ አይሳሳትም» ብሎ ሙግት ገጠመ፤ ጋሽ ሰዓቱ ራሱ «እኔ ነኝ» እያለው። ከኋላ አንዲት ሴት ስትነሳ ሳቁ ረገበ። ከማዶ የምትመጣው ሽንኩርት ሻጭ ናት፤ ልጇ ከተፈታኞቹ አንዷ ናት።

«የዛሬ አሥር ዓመት፣ የአውቶቡሱን ነገር ገና ሳላውቅ፣ እናትሽ ሞተች የሚል መልእክት መጣብኝ» አለች። «አስፋልቱ ዳር ዘመድ ቤት አድሬ በጠዋት ልሳፈር ተነሳሁ። የዘመዶቼ ልጅ ‹ቸርኬው ገና አልተመታም፣ ተረጋጊ› አለችኝ። ተረጋጋሁ። ስወጣ አውቶቡሱ ሄዷል። በማግስቱ ስደርስ እናቴን ቀብረዋት ነበር። ሹፌሩን እስከ ዛሬ ሰላም ብዬው አላውቅም።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ተቀመጠች።

ጋሽ ሰዓቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስገባቸውን ልጆች እንጂ ያስቀራቸውን ሰዎች ቆጥሮ አያውቅም ነበር። ዳይሬክተሩ ፊቱ ቀልቶ ተነሳ። ሰዓቱ ዛሬውኑ እንደሚስተካከል፣ የሰዓቱም ቁልፍ ከእንግዲህ ቢሮ እንደሚቀመጥ፣ የዘበኛው ጉዳይ ከፈተናው በኋላ እንደሚታይ ተናገረ። ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ውሃውስ? በሚመጡት ዓመታት ልጆቹ በምን ተአምር ይደርሳሉ? ይህን ጊዜ ሽንኩርት ሻጯ ከተቀመጠችበት፣ «ሰዓቱን አቅኑት። ትምህርቱን ግን ሁለት ተኩል ላይ ጀምሩት፣ በግልጽ» አለች።

«የመግቢያ ሰዓት እኮ በመመሪያ ነው…» ብሎ ጀመረና ዳይሬክተሩ መመሪያውን ከቦርሳው አውጥቶ ገለጠ። ሁለት ገጽ አገላበጠ፣ በጣቱ ሄደበት፣ ቆመ። «የመግቢያ ሰዓት እንደየአካባቢው ሁኔታ በትምህርት ቤቱ ይወሰናል ይላል» አለ ቀስ ብሎ። እጅ እንዲያወጡ ጠየቃቸው። ሁሉም አወጣ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁለት ተኩል እንዲሆን ተወሰነ። ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ሰኞ ቸርኬው በሬዲዮ ሰዓት ተመታ። ስብሰባውን ያልሰሙ፣ የሰሙም ያላመኑ ብዙ ነበሩ፤ ሠላሳ ያህሉ በር ተዘጋባቸው። ማክሰኞ አሥራ አንድ ቀሩ፤ ከእነሱ አራቱ የማዶ ሴቶች፣ አራቱም ተፈታኞች ናቸው። ጋሽ ሰዓቱ ልጁንና ጓደኞቿን በየቤቱ ላከ። ማዶ ግን ማን ይሂድ? ሲመሽ ወንዙ ሞልቶ ነበር።

ረቡዕ ተቆጣጣሪው የእጅ ሰዓቱን እያየ በሩ አጠገብ ቆመ። አጭር፣ ጨዋ፣ ቸኩሎ የማይናገር ሰው ነው። የጋሽ ሰዓቱ ልጅ ከሁሉ ቀድማ ገብታለች። ለሁለት አሥር ጉዳይ ላይ ሰባ ዘጠኝ ገቡ። አራት ጎደሉ። ለሁለት አምስት ጉዳይ፤ መንገዱ ጭር እንዳለ ነው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እየጠቀለለ ይፈታል። ጋሽ ሰዓቱ መቀርቀሪያውን ይዟል። ዛሬ ደግሞ የሚገፋው ዘንግ የለም፤ ሰዓቱ በሌላ ሰው እጅ ላይ ነው፣ እውነተኛ ነው፣ ይሄዳል። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ለሁለት ሦስት ጉዳይ ላይ ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። አራቱ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ፤ ከኋላቸው ሽንኩርት ሻጯ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ፣ ከብት እንደሚነዳ ሰው እጇን እያወናጨፈች ትነዳቸዋለች። የራሷን ልጅ አስፋልቱ ዳር ዘመድ ቤት ትታ፣ ማክሰኞ ሲመሽ ተሻግራ፣ አራቱንም ከየቤታቸው ሰብስባ እሷ ቤት አሳድራቸው ኖሯል፤ ገና ሲነጋጋ ተነስተው ወንዙን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የተሻገሩት። ገቡ። ተቆጣጣሪው አንገቱን ነቀነቀ። ጋሽ ሰዓቱ በሩን ዘጋና ቸርኬውን መታ፤ ሁለት ጊዜ ሳተው።

ሴትየዋ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች። እሱ በትንሿ መስኮት ወጣ ብሎ አያት፤ ከዚያ በጎን በር ዞሮ መጣ። በሥራ ሰዓት ከደጅ ተቀምጦ አያውቅም፤ ተቀመጠ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችው።

«ሁለት ከአሥር።»

«የእርስዎ ነው የሬዲዮው?»

«የሬዲዮው።»

«ስለ እናትሽ…» ብሎ ጀመረ።

«እሱን ተዉት። ልጄ ገብታለች» አለች። የጨመቀችውን ጫፍ ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አሰጣችው። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ያኔ፣ ሰዓቱን ከመንካትዎ በፊት፣ ዳይሬክተሩን ‹ልጆቹ ውሃ ቀድተው ነው የሚመጡት፣ ትንሽ እንታገሣቸው› ብለውት ያውቃሉ?»

«ኧረ አላልኩም።»

«ቀጥሎ ለመጡትስ?»

«ለማንም አላልኩም።»

«ለምን?»

ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ራሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ቢሆንም መልሱን ለማግኘት ብዙ አልራቀም።

«ማን ይሰማኛል ብዬ ነዋ» አለ። «ዘበኛ ነኝ።»

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችው። ልትስቅ ያለች መሰለች፤ ግን አልሳቀችም።

«እዚህ አገር እርስዎን ሳይሰማ ከመኝታው የሚነሳ ሰው ነበረ እንዴ?» አለችው።

ጋሽ ሰዓቱ እንባው መጣ፤ ልጆቹ እየተፈተኑ ስለሆነ ድምፅ እንዳያሰማ በእጁ አፉን ያዘ።